«የትኛው ይሻለናል?» ብለው ሲጠይቁሽ

ጥያቄሽን ላላነበቡት በአጭሩ ልንገራቸው። ሐዋሳ ውስጥ በአይቲ ደረጃ 4 ጨርሰሻል። አንድ ሆቴል ለአይቲ ድጋፍ ሥራ ቃለ መጠይቅ ጠራሽ። ፈታኙ «የፖፕ 3 እና የአይማፕ ልዩነት ምንድን ነው?» አለሽ። ሁለቱም ኢሜይል የመቀበያ ፕሮቶኮሎች (የመገናኛ ደንቦች) ናቸው። የሸመደድሽውን የፊደሎቹን ዝርዝር በእንግሊዝኛ ወረድሽው። «እሺ፣ ታዲያ ለእኛ የትኛው ይሻለናል?» ሲል ግን ዝም አልሽ። ሥራው አመለጠሽ። ሰሞኑን ሌላ ቦታ ስለተጠራሽ «እነዚህን ስሞች በምን ዘዴ ልያዛቸው?» ብለሻል።

በሽምደዳ አይሆንም፣ እህቴ። ፈታኙ የፈለገው ሁለተኛውን መልስ ነበር። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ «ኢሜይሌ ጠፋ» ብላ ስትደውል ከየት እንደምትጀምሪ ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ስም ከአንድ አቤቱታ ጋር አያይዢው።

«ቢሮ ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ኢሜይል ስልኬ ላይ የለም» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ፖፕ 3ን ጠርጥሪ። ፖፕ መልእክቱን ከሰርቨሩ (ኢሜይሉ ከሚያርፍበት ዋና ኮምፒውተር) ወደ አንዱ ኮምፒውተር ያወርዳል። «ቅጂው ሰርቨሩ ላይ ይቆይ» የሚለው ምርጫ ካልተነካ ሰርቨሩ ላይ ያለው ሊሰረዝ ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሃርድ ዲስኩ ከተበላሸ የዓመታት ደብዳቤ አብሮ ሄደ ማለት ነው። አይማፕ ግን ዋናውን ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጣል። ስልክ ላይ ያነበብሽው ኮምፒውተር ላይም እንደተነበበ ይታያል፣ ፎልደሮቹም አንድ ዓይነት ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሪ፤ ፈታኝ ይወደዋል። ሲንክ (ስልኩንና ኮምፒውተሩን አንድ ዓይነት ማድረግ) ማለት ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም። ስልኩ ላይ የተሰረዘ ኢሜይል ኮምፒውተሩም ላይ ይሰረዛል።

«ይገባልኛል፣ ግን አይላክልኝም» ካለሽ ጥፋቱን አይማፕ ላይ አትፈልጊ። መላክ ኤስኤምቲፒ የሚባለው የመላኪያ ፕሮቶኮል ሥራ ነው። ፖርቱን፣ ማለትም የግንኙነቱን በር ቁጥር እይ። 25 በሰርቨሮች መካከል የሚሠራበት ነው፤ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎችም ከደንበኛ በኩል ይዘጉታል። ከስልክና ከኮምፒውተር ለመላክ 587 ወይም 465 ነው የሚገባው። ለመቀበል ደግሞ የተመሰጠረው አይማፕ 993፣ የተመሰጠረው ፖፕ 995 ነው። ከቁጥር ከ25 ሌላ እነዚህን አራቱን ብቻ ያዢ፣ ይበቃሻል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው «ኢሜይሌ መጣ፣ ስልክ ቁጥሮቼና ቀጠሮዬ ግን የሉም» በሚለው ላይ ነው። አይማፕ ኢሜይል እንጂ ካላንደርም ኮንታክትም አይሸከምም። ለካላንደር እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ካልዳቭ፣ ለኮንታክት በ2011 የወጣው ካርድዳቭ አሉ። አይፎን ሁለቱንም በራሱ ይቀበላል። አንድሮይድ ላይ ግን ከስልኩ ጋር ስለማይመጡ ተጨማሪ አፕ ያስፈልጋል። የቆየው የዊንዶውስ የኢሜይል ፕሮግራም አውትሉክም በራሱ አያውቃቸውም። ኤክስቼንጅ አክቲቭሲንክ የሚባለው የማይክሮሶፍት መንገድ ደግሞ ኢሜይሉን፣ ካላንደሩንና ኮንታክቱን አንድ ላይ ወደ ስልክ ያመጣል። ድርጅቱ ኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የድርጅት ኢሜይል ሰርቨር) ካለው ስልክ ላይ አይማፕ መሙላት ትርፉ ድካም ነው።

ፓስወርዱ ልክ ሆኖ «ተሳስቷል» ሲልም አትደንግጪ። ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በድርጅት ኢሜይሎቹ ላይ በስምና በፓስወርድ ብቻ መግባትን መዝጋት ጀምሯል፤ ጎግልም በዚያው መንገድ ሄዷል። አሁን መግቢያው ኦውዝ ነው፤ አፑ ወደ ጎግል ወይም ወደ ማይክሮሶፍት ገጽ ወስዶ ያስፈቅድሻል። አሮጌ አፕ ይህን ስለማያውቅ ደጋግሞ ፓስወርድ ይጠይቃል።

ሐዋሳ ላይ የማይቀር አንድ አቤቱታ አለ፣ የፕሮቶኮል ጥፋት ግን አይደለም። የውጭ ደንበኛ የካላንደር ጥሪ ይልካል፤ ስልኩ ላይ 9:00 ብሎ ይታያል። ጸሐፊዋ ከሰዓት 9 ሰዓት ብላ ትይዘዋለች። ለኛ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ነበር! ካላንደሩ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ሰርቨር ከመነካካትሽ በፊት የስልኩ የሰዓት ክልል አዲስ አበባ መሆኑን እይ፤ ከዚያ ጸሐፊዋን «የያዝሽው በፈረንጅ ሰዓት ነው በሐበሻ?» ብለሽ ጠይቂ።

ለልምምድ ገንዘብ አያስፈልግሽም። አንድ የጂሜይል አካውንት፣ ስልክሽና ነፃው የኢሜይል ፕሮግራም ተንደርበርድ የተጫነበት ኮምፒውተር ይበቁሻል። አካውንቱን ሁለቱም ላይ በአይማፕ ክፈቺ። ስልኩ ላይ አንድ መልእክት ወደ ሌላ ፎልደር አዛውሪና ኮምፒውተሩ ላይ የት እንደሄደ እይ። ቀጥሎ የኤስኤምቲፒውን ፖርት ሆን ብለሽ አበላሽተሽ የሚመጣውን የስህተት መልእክት አንብቢ። ካላንደሩንም ጨምሪ። ሲቪሽ ላይ «የኮምፒውተር ችሎታ» ከምትይ «የኢሜይል፣ የካላንደርና የኮንታክት ሲንክ በስልክና በኮምፒውተር መዘርጋት፣ የመላክ ችግር መለየት» ብለሽ ጻፊ። ሠርተሽ ያላየሽውን ግን አታስገቢ፤ አንድ ተከታይ ጥያቄ ያጋልጥሻል።

እና «የትኛው ይሻለናል?» ሲሉሽ ቶሎ አትመልሺ። «ኢሜይላችሁ ጎግል ላይ ነው፣ ማይክሮሶፍት ላይ ነው ወይስ የራሳችሁ ሰርቨር አላችሁ? ሠራተኛው በስንት ዕቃ ነው የሚከፍተው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሱን ከዚያ ትጀምሪያለሽ።