ስቲከሩ ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ ለምን ይነሳል?

ወንድሜ፣ በኢኮ ሶልቬንት (በሚተን ፈሳሽ፣ ማለትም በሶልቬንት በተበጠበጠ ቀለም) ቪኒል በሚባለው ፕላስቲክ ላይ ያተምከው ስቲከር ወዲያው ላሚኔት ተደርጎ (መከላከያ ፊልም ለብሶ) ሲቆረጥ ደህና ነው፤ በማግስቱ ግን ገና ከጀርባ ወረቀቱ ሳይላጥ ጠርዙ ሽቅብ ይጠቀለላል፤ ጥቁር ጀርባ ባለው ዲዛይን ላይ ደግሞ ይብሳል ብለሃል። ቪኒሉን ልቀይር ወይስ ላሚኔቱን ለሚለው፣ ሁለቱንም ከመንካትህ በፊት ቀለሙን ጠርጥር።

ወረቀቱ ላይ እያለ ስለተነሳ የሚለጠፍበት ቦታ ከደሙ ንጹህ ነው። ጥቁሩ ላይ መባሱ ደግሞ ትልቁ ፍንጭ ነው፤ ቀለም በበዛበት ሶልቬንትም ይበዛል። ላይኛው ገጽ ቶሎ ስለሚደርቅ በጣት ሲነኩት ያለቀለት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና ነው። በዚያ ሰዓት ላሚኔት ስታለብሰው መውጫውን ዘጋህበት። ሶልቬንቱ ቪኒሉን አለስልሶ ወደ ሙጫው ይወርዳል፤ ሙጫው ሲላላና ቪኒሉ ሲኮማተር ጠርዙን አጥብቆ የሚይዘው የለም።

ስለዚህ ቢያንስ 24 ሰዓት አቆየው፤ ጥቁርና ጥቅጥቅ ላለ ሕትመት 48። አቀማመጡ ከሰዓቱ እኩል ወሳኝ ነው፤ አጥብቀህ የጠቀለልከው ሮል ሁለት ቀን ቢቀመጥም አየር አያገኝም። ስቀለው፣ ወይም ላላ አድርገህ ጠቅልለህ አቁመውና በንብርብሩ መሃል ነፋስ ይለፍ። ላሚኔት ከማድረግህ በፊት አፍንጫህን አስጠጋ፤ ጠረኑ ጠንከር ካለ አልደረሰም። የማሽኑ ሂተር ያግዛል እንጂ ይህን ጊዜ አይተካም።

ፋይሉንም ክፈተው። ጥቁሩ በስህተት ሬጅስትሬሽን በሚባለው ቀለም ተሞልቶ ከሆነ አራቱም የማተሚያ ቀለሞች 100 ናቸው፤ ድምሩ 400 በመቶ ነው፤ የትኛውም ቪኒል ይህን አይሸከምም። ሲያን 40፣ ማጄንታ 30፣ የሎው 30፣ ብላክ 100 አድርገው፤ ድምሩ 200 ሆኖ ጥቁሩ ደማቅ ይወጣል። ሪፑ (ፋይሉን ለማተሚያው የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር) ላይ የመረጥከው ፕሮፋይልም (የቀለሙን መጠን የሚወስነው ቅንብር) ለዚያው ቪኒል የተሠራ ይሁን፤ ለባነር የተሠራ ፕሮፋይል ቀለም ሊያበዛ ይችላል።

ጥፋቱ ከላሚኔቱ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ከዚያው ሮል ሦስት ቁራጭ አዘጋጅ፦ ታትሞ ላሚኔት ያልተደረገ፣ ሳይታተም ላሚኔት የተደረገ፣ ሁለቱም ያለው። ሦስቱንም ቆርጠህ ሁለት ቀን ጠብቅ። የመጀመሪያው ከተነሳ ቀለሙ ነው። ያልታተመው ከተነሳ ላሚኔተሩ ላይ የላሚኔት ሮሉ ፍሬን ጠብቋል፤ ፊልሙ ተለጥጦ ይለጠፍና ከተቆረጠ በኋላ ወደ ልኩ ሲመለስ ቪኒሉን ይዞ ይነሳል። ፊልሙ ሳይሸበሸብ የሚገባበትን ያህል ብቻ ፍሬኑን አላላው። ሦስተኛው ብቻ ከተነሳ የታፈነ ሶልቬንት ነው። ካስት ቪኒል (ብዙም የማይኮማተር ዓይነት) ላይ ርካሽ ሞኖሜሪክ ላሚኔት (በብዛት የሚኮማተር ዓይነት) ማልበስም ያው ችግር ያመጣል፤ የሚኮማተሩበት መጠን አይገናኝም።

ቆረጣው ላይ ቢላው ላሚኔቱንና ቪኒሉን አልፎ ወረቀቱን ጫር ብቻ ያድርግ። የደነዘዘ ቢላ ጠርዙን ሲጎትት ገና ከመጀመሪያው ያነሳዋል። ሹል ማዕዘን ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚነሳ በ3 ሚሊሜትር ራዲየስ አክብበው። ደንበኛው ከተስማማ ከጥቁሩ ውጪ 2 ሚሊሜትር ነጭ ጠርዝ ተውለት፤ ቢላው ቀለም ያልነካው ቪኒል ላይ ሲያርፍ ለውጡ በዓይን ይታያል።

አሁን የተነሱትን በሙቀት ተጭነህ ለማስተኛት አትድከም፤ ለጊዜው ይተኙና ደንበኛው እጅ ላይ ይመለሳሉ። ላሚኔቱን ልላጥ ብትልም ቀለሙን ይዞ ይወጣል። እንደገና አትማቸው።