ኑግ ሰቅለሽ ቢጫዋ ወፍ ለምን ቀረች?

እህታችን፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፤ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ቤትሽ ጓሮ የሰቀልሽው የኑግ መመገቢያ ላይ ጎልድፊንች የምትባለው ቢጫ ወፍ ለምን እንደማታርፍ፣ እና ረግረጋማው ሀንትሊ ሜዶውስ ፓርክ ወፍ ለማየት መቼ ቢሄዱ እንደሚሻል።

መጀመሪያ ኑጉን መርምሪ። የኛው ኑግ ነው፤ አሜሪካ ሲገባ ግን አብሮት የሚመጣው የአረም ዘር እንዳይበቅል በሙቀት ይታከማል። መጋዘን ውስጥ ከከረመ ዘይቱ ይደርቅና ወፏ ቀምሳ ትተወዋለች። ጥቂት ፍሬ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቂው። የቅባት ምልክት ካልተወ አሮጌ ነውና ድፊው። ትልቅ ከረጢት ርካሽ ቢሆንም ተበልቶ ሳያልቅ ስለሚደርቅ ትንሹን ግዢ። ወፎቹ እስኪለምዱም የመመገቢያውን ቱቦ አትሙይው፣ ሲሶው ይበቃል።

ሁለተኛው ጠላት ዝናብ ነው። የታችኛው ኑግ ውሃ ሲነካው ይጋገርና ይሻግታል፤ ላዩ ደረቅ ስለሆነ ሰው ልብ አይለውም። በየሁለት ቀኑ ነቅነቅ አድርጊው፤ ካልተንቀሳቀሰ ገልብጠሽ እጠቢው። ከስር የሚከመረው ጥቁር ነገር ግን አያስደንግጥሽ። ወፏ ውስጡን በልታ የጣለችው ገለባ ነው።

መጥታ አላወቅሻትም ይሆናል። ደማቅ ቢጫ የሚሆነው ወንዱ ነው፣ እሱም በሞቃቱ ወራት ብቻ። በብርዱ ወራት ሁለቱም ደብዛዛ ቡኒ ይሆናሉ፤ ጥቁር ክንፍ ላይ ነጭ መስመር ካየሽ እሷው ናት።

ንጽህናን እባክሽ አትናቂ። ሀውስ ፊንች የሚባለውን ወፍ ዓይን አሳብጦ የሚያሳውረው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1994 መጀመሪያ የታወቀው እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ የሚዛመተውም ብዙ ወፍ በሚነካካበት መመገቢያ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፊው፤ አለቅልቀሽ ፍጹም ሳይደርቅ አትሙይው። ዓይኑ ያበጠ ወፍ ካየሽ መመገቢያውን ለሁለት ሳምንት አውርጂው። የምትሰቅይውም ወይ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ሳይሞላ፣ ወይ ከ10 ሜትር በላይ አርቀሽ ይሁን። በመካከሉ ያለው ርቀት ወፏ በሙሉ ፍጥነት መስታወት እንድትመታ ያደርጋል።

ሽኮኮ ኑግ ብዙም አይወድም። ካርዲናል የሚባለው ቀይ ወፍ እንዲመጣ ጥቁር የሱፍ ፍሬ ከጨመርሽ ግን ሽኮኮውም ይከተላል፤ ያኔ የብረት ምሰሶና ከስሩ ጃንጥላ የመሰለ መከላከያ ያስፈልጋል።

ሀንትሊ ሜዶውስን በተመለከተ፣ ዳክዬ ለማየት ከኖቬምበር እስከ ማርች ድረስ ሂጂ። ጎህ ሲቀድ ድረሺ፤ ረፈድ ሲል ሰው ይበዛል፣ ዳክዬዎቹም ሳር ውስጥ ይሸሸጋሉ። ረግረጉ ላይ በተዘረጋው የእንጨት መንገድ ላይ ከመመላለስ አንድ ቦታ ለሃያ ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ ይበልጣል፤ ከመመልከቻው ማማ ላይ ደግሞ ሰፊው ውሃ ይታያል። ትልቁን ሰማያዊ ሽመላ በየትኛውም ወር አታጪውም። ባለ 8 በ42 የርቀት መነጽር (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ) ይበቃሻል፤ 10 ጊዜ የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉንም አብሮ ያንቀጠቅጣል። ውሻሽን ቤት ተዪ፣ በእንጨቱ መንገድ ላይ አይፈቀድም።