መልስ፦ የሃርቫርድ የወንዝ ዳር ግንባታ የኦልስተንን ሰው ለምን ያሳስበዋል?

ወንድሜ፣ «ሃርቫርድ በገዛ መሬቱ ላይ ቢገነባ የኦልስተን ነዋሪ ምን አገባው?» ብለህ ጠይቀሃል። ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን መሬቱ እንዴት የራሱ እንደሆነ ካላወቅን ቅሬታው አይገባንም።

ኦልስተን ቦስተን ውስጥ፣ ከቻርልስ ወንዝ በስተደቡብ ያለ ሰፈር ነው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1994 እዚያ 52 ኤከር ያህል መሬት በሌላ ድርጅት በኩል ገዛ። ስሙን አላወጣም። ሕዝቡ የሰማው በ1997 ነው። ስሙን የደበቀው ሻጮች ዋጋ እንዳይሰቅሉበት ነበር። ለገዢ ያዋጣ ይሆናል፤ ጎረቤት ግን ይህን እንዴት ይረሳል? ከዚያ ወዲህ ሰዉ የሚነገረውን ሁሉ በጥርጣሬ ቢሰማ አልፈርድበትም።

ቀጥሎ ትልቁ የሳይንስ ሕንፃ ተጀመረ። በ2009 የገንዘብ ቀውሱ ሲበረታ እንዲቆም ተወሰነ። መሠረቱ ብቻ ለዓመታት እዚያው ቀረ። ሕንፃው ሥራ የጀመረው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ የቤት ኪራይ ነው። ላቦራቶሪና ሆቴል በመጣ ቁጥር ኪራይ ይንራል፣ ነባሩ ተከራይ ሰፈሩን ይለቃል። ደግነቱ ጩኸቱ ሜዳ ላይ አልቀረም። በ2022 ሃርቫርድ ኦልስተን ውስጥ ባቀደው የምርምር ካምፓስ የመጀመሪያ ምዕራፍ ከሚሠሩት መኖሪያዎች 25 በመቶው አቅምን ያገናዘበ ኪራይ እንዲኖራቸው ስምምነት ተደረሰ። የከተማዋ ደንብ ያኔ የሚጠይቀው 13 በመቶ ብቻ ነበር። ይህን ያመጣው በየስብሰባው የተሟገተው ነዋሪ ነው።

እዚያ አካባቢ የምትኖር ከሆነ ስብሰባው ላይ ተገኝ። ለቀሪዎቹ ምዕራፎች ስንት በመቶ እንደታሰበ ጠይቅ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን።