የሚንገዳገደው ሁሉ የሰከረ አይደለም

ልጆቼ፣ ከማስተምራቸው የማቀዝቀዣ ጥገና ጀማሪዎች አንዱ በቅርቡ «ማሽኑ ካቀዘቀዘ፣ ውስጡ ያለው ጋዝ ምን እንደሆነ ማወቅ ለምን ያስፈልገኛል?» ሲል ጠየቀኝ። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። በወጣትነቴ በሠራሁበት የሥጋ ማከማቻ አንድ ባልደረባችን ምላሱ እየተሳሰረ፣ እየተንገዳገደ ከማሽን ክፍል ወጣ። «ሰክሯል» ተብሎ ተባረረ። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም ነበር። ቧንቧው ጋዝ እንደሚያፈስ የታወቀው እሱ ወደ አገሩ ከገባ በኋላ ነው፤ ፈልጎ ይቅርታ የጠየቀው አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ስለ ጣሊያን ሰርጓጅ መርከቦች ሳነብ ያ ሰው ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ጣሊያን አገራችንን በወረረችበት ዘመን 17 ተመሳሳይ ሰርጓጆች ሠርታ አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን እያለች ሰየመቻቸው። የእናቴን አገር ተምቤንን በወራሪ መርከብ ላይ ተጽፎ ማየት ዛሬም ያንገበግበኛል። ርዝመታቸው 60 ሜትር ገደማ፣ የቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ ተወንጭፎ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ማስወንጨፊያቸው ስድስት ነበር። ደካማ መርከቦች አልነበሩም፤ «አክሱም» እ.ኤ.አ. በኦገስት 1942 ወደ ማልታ ከሚጓዝ ቅፍለት ሦስት መርከቦችን በአንድ ዙር መታች።

ከእነሱ አንዷ «መቀሌ» ግን የጠላት ጥይት ሳይነካት ጠፋች። ጣሊያን ወደ ጦርነቱ በገባችበት በጁን 1940 ከምፅዋ ተነስታ ወደ ፖርት ሱዳን አቅጣጫ አመራች። የማቀዝቀዣዋ ጋዝ ሜቲል ክሎራይድ ነበር፤ ቀለም የለውም፣ ሽታውም ኢምንት ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ነፋስ ሲገባ ብዙም አይታወቅም። በጦርነት ጊዜ ግን ቀኑን ከውኃ በታች መዋል ግድ ነው፣ የቀይ ባሕር ሙቀት ደግሞ ማቀዝቀዣውን እረፍት ይነሳዋል። ጋዙ እያፈሰሰ በታሸገው ሆድ ውስጥ ተጠራቀመ። መርከበኞቹ ራሳቸው ዞረ፣ አስመለሳቸው፣ አንዳንዶቹም መቃዠት ጀመሩ። ጁን 15 ሳይነጋ መንገዳቸውን ስተው ከባር ሙሳ ከቢር ደሴት ጋር ተላተሙ። መርከበኞቹ በረሃማዋ ደሴት ላይ ሲቆዩ ጥቂቶቹ በትንሽ ጀልባ እርዳታ ፍለጋ ሄዱ፤ ጁን 22 ሌላ ሰርጓጅ መጥቶ አነሳቸው። በዚያው ወር «ፔርላ» የተባለችው ሌላ የጣሊያን ሰርጓጅም በዚሁ ጋዝ ተመርዛ መሬት ላይ ወጥታለች።

ስለ ጓንትና መነጽር አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የዘንድሮ ልጆች ችኩሎች ናችሁ፣ መመሪያ አታነቡም። እውነቱን ለመናገር እኛም አናነብም ነበር፣ የሚነበብም አልነበረንም፤ እናንተ ግን የማንኛውንም ጋዝ ጠባይ ከስልካችሁ ታገኛላችሁ። ክፍል ውስጥ ሰው ሲንገዳገድ ካያችሁ በሩን ክፈቱ፣ ወደ አየር አውጡት፤ መጠጣቱን ከዚያ በኋላ ጠይቁ። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ማሽኑን አጥፉ። የኮምፕረሰሩ ጽሑፍ ተፍቆ የጋዙ ስም የማይነበብ ከሆነ ደግሞ፣ ባለቤቱ ቢቆጣም፣ የጋዙን ቁልፍ አትፍቱ።