እንቅርትና የጨው አዮዲን ምን አገናኛቸው? (ለዳንግላዋ እህት መልስ)

እህቴ፣ «እናቴ እንቅርት አለባቸው፤ ጨው ከአንገት ጋር ምን አገናኘው?» ላልሽው፣ ዋናው ነገር ጨው ላይ የሚጨመረው አዮዲን ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ አዮዲንን ከደም እየሳበ ታይሮግሎቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ያያይዘዋል። ከዚያ አራት አዮዲን ያለው ቲ4 እና ሦስት ያለው ቲ3 የሚባሉ ሆርሞኖች ይሠራሉ። ወዲያው ግን አይለቀቁም፤ ከ2 እስከ 3 ወር የሚበቃ እዚያው ይከማቻል። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ቲኤስኤች የሚባል ታይሮይድን የሚያነቃ ሆርሞን ስትልክ የታይሮይድ ሕዋሳት ከክምችቱ ጥቂት ይውጣሉ፣ ፕሮቲኑን ይፈጩታል፣ ሆርሞኑን ወደ ደም ይለቃሉ። የሚበዛው ቲ4 ነው፤ ጉበትን በመሳሰሉ አካላት አንድ አዮዲን ሲነሣለት ኃይለኛው ቲ3 ይሆናል።

አዮዲን ሲያንስ ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ ቲኤስኤች ይጨምራል፣ የታይሮይድ እጢውም በግፊቱ ብዛት ያብጣል፤ እንቅርት የሚባለው ይህ ነው። በዝናብ የታጠበ የደጋ አፈር ደግሞ አዮዲን ያንሰዋል። ለአዋቂ በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋል። አዮዲን ያለው ጨው ግዙ፤ ከድናችሁ ከፀሐይ አርቁት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

የቆየ እብጠት በጨው ብቻ ላይጠፋ ይችላል። እናትሽ ቲኤስኤች ይመርመሩ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገራቸው፣ ድምፃቸው ከጎረነነ ወይም ልባቸው በኃይል ከመታ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰጃቸው።