ጥርሱ የተበላ የፑል እንጨት ይድናል?

ጥያቄው የመጣው አዳማ ላይ ፑል ቤት ካለው አንባቢ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ለሁለት የሚፈታ የፑል እንጨት አለኝ። የፊተኛው ግማሽ ቀዳዳ ላልቶ ስለነበር 8 ሚሊ ብሎን ሞከርኩበት። ሁለት ሦስት ዙር ገባና ጠነከረ፣ በፒንሳ አስገደድኩት። አሁን የራሱ ፒን (ከኋለኛው ግማሽ የወጣው ባለ ጥርስ ብረት) ጭራሽ አይነክስም፣ ዝም ብሎ ይዞራል። ፌስታል ጠቅልለን እየተጫወትንበት ነው። ይሠራል ወይስ ልጣለው?»

ይሠራል። ፌስታሉን ግን ዛሬውኑ አውጣልኝ ወንድሜ። ፌስታል ፒኑን ያጣብቀዋል እንጂ መሃል ላይ አያቆመውም። ኳስ በተመታ ቁጥር ፒኑ ውስጥ ለውስጥ ይወዛወዛል፣ የተረፈችውንም ጥርስ ዱቄት ያደርጋታል። የቧንቧ ቴፍሎንም ያው ነው።

8 ሚሊ ብሎን ያታለለህ አንተን ብቻ አይደለም። እኔ ጋ ከሚመጡት እንጨቶች ብዙዎቹ በዚሁ ብሎን የተበሉ ናቸው። የፒንህ ውፍረት ወደ 8 ሚሊ ከሆነ 5/16 ኢንች መሆኑ አይቀርም፤ ይህ 7.94 ሚሊ ነው። በውፍረት ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው። ጣጣው ያለው ጥርሱ ላይ ነው። ብሎኑ በአንድ ዙር 1.25 ሚሊ ይሄዳል። ያንተ ፒን ግን በኢንች 18 ጥርስ ካለው 1.41 ሚሊ፣ 14 ካለው ደግሞ 1.81 ሚሊ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ተግባብተው ይገቡና ሦስተኛው ዙር ላይ ይጣላሉ። ብረትና እንጨት ሲጣሉ ማን እንደሚሸነፍ አይተኸዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፒኑን እወቀው። ነጭ ወረቀት ጠቅልልበትና በጣትህ ጫን ጫን አድርገው። ጥርሱ ወረቀቱ ላይ መስመር ይተዋል። ወረቀቱን ዘርግተህ 25.4 ሚሊ (አንድ ኢንች) ውስጥ ስንት መስመር እንዳለ ቁጠር። ፒኑ ወፍራም ሆኖ 9.5 ሚሊ ከሆነና 10 መስመር ከቆጠርክ 3/8 ባለ 10 ነው።

ቀጥለህ በስልክህ መብራት ቀዳዳውን እየው። ውስጡ የተለጠፈ ባለ ጥርስ የነሐስ ቱቦ ካለውና ነሐሱ ራሱ ከፒኑ ጋር አብሮ የሚዞር ከሆነ የለቀቀው ኮላው ነው፣ ጥርሱ ጉዳት ላይኖርበት ይችላል። ልኩ የሆነ ብሎን አስገባበት፣ ብሎኑን በካውያ አሙቀው፣ ኢፖክሲው ሲለሰልስ ነሐሱን ቀስ ብለህ ሳበው። አደራ፣ እሳት እንዳታስጠጋው። ከዚያ አጽድተህ መልሰህ መለጠፍ ነው።

ነሐስ ከሌለው ጥርሱ የወጣው እንጨቱ ላይ ነው። ትንሽ የላላ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውሃ የሚመስለውን ቀጭን ሱፐር ግሉ በስቴኪኒ ጥርሱን ቀባ ቀባ አድርገህ ታሳድረውና በማግስቱ በጥርስ ማውጫ ታስተካክለው ነበር። ያልደረቀ ሱፐር ግሉ ላይ ፒን የከተተ ሰው ሁለቱን ግማሾች ለዘላለም አጋብቷል።

ያንተ ግን ጭራሽ አይነክስም ብለሃል። ስለዚህ የድሮው ቀዳዳ ተቦርቡሮ አዲስ እንጨት መሞላት አለበት። ይህ የቶርኖ (እንጨቱን እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ሥራ ነው። በእጅ ትራፓኖ እሠራዋለሁ ብለህ እንዳትጀምረው። ፑንታህ (መብሻው) 3 ሴንቲ ውስጥ በ0.1 ሚሊ ብቻ ቢያዘም፣ 73 ሴንቲ ርቆ ያለው ጫፍ ከ2 ሚሊ በላይ ይስታል። የጫፉ ውፍረት ራሱ 13 ሚሊ አካባቢ ነው፤ እንግዲህ አስበው።

ቶርኖው ላይ ሲታሰር ማንድሪኖው (እንጨቱን የሚይዘው መንጋጋ) እንዳይነክሰው መጋጠሚያው ላይ ፕላስተር ይጠቅለልበት። ቀጭኑ ጫፍም ከኋላ በኩል ሲዞር እንዳይገረፍ በጨርቅ መደገፍ አለበት። መጋጠሚያው 21 ሚሊ አካባቢ ስለሚሆን 12 ሚሊ ቢቦረቦር ግድግዳው አይሳሳም። ለመሙያው በደንብ የደረቀ ወይራ እወዳለሁ። ጠንካራ ነው፣ ጥርስ ይይዛል። ዘይት ስላለው ግን ከመለጠፉ በፊት በአልኮል ጥረገው።

አሁን የምነግርህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። መሙያው ጎን ላይ ከላይ እስከ ታች አንዲት ቀጭን ቦይ ይውጣለት። ቦይ ከሌለው ታች የታፈነው አየርና ኮላ መውጫ ያጣል፣ መሙያውን መልሶ ይገፋዋል፣ ሲብስም እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። አንዴ «ጧ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ያውም የሰው ንብረት ላይ። ኮላው ቀስ ብሎ የሚደርቀው ኢፖክሲ ይሁን። የ5 ደቂቃውን ተወው። 24 ሰዓት ሳይሞላው አትንካው።

ሲደርቅ እዚያው ቶርኖ ላይ መሃሉ ይበሳል። የፑንታው ልክ የሚወሰደው ከፒኑ ጥርስ ሥር ካለው ውፍረት ነው፣ ከጥርሱ ጫፍ እንዳይሆን። ለ5/16 ባለ 18 ጥርስ ማውጫ ፈልገህ ታገኛለህ። ባለ 14ቱና 3/8 ባለ 10 ግን የተለመዱ የብሎን ልኮች አይደሉም፣ መርካቶ ዞረህ አትድከም። ቶርኖ ሠሪው በዚያው ልክ ብሎን ያውጣልህና ጎኑን ሦስት ቦታ በሞረድ ይሰንጥቀው። ለብረት ባይሆንም እንጨት አሳምሮ ይቆርጣል። ግማሽ ዙር እየሄድክ፣ እየመለስክ፣ ዱቄቱን እያራገፍክ።

በመጨረሻ ፒኑን ሻማ ቀባውና ግጠመው። ሙሉውን እንጨት ጠረጴዛው ላይ አንከባልለውና መጋጠሚያው ላይ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ እይ። ካሳለፈ በእጅህ ብርጭቆ ወረቀት እንዳታስነካው፣ የባሰ ታዘመዋለህ። ወደ ቶርኖው መልሰውና ፊቱን ብቻ አንዴ ስስ አድርጎ ይላጭልህ።