ክላምፕ፣ ክንድና የፍሬን ሽቦ፦ የሐዋሳ ፎቶ አንሺዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ጥያቄ እመልሳለሁ። ርዕሱ አንድ ነው። ፍላሽን ከካሜራ አውርዶ፣ ያለ ስታንድ፣ በክላምፕና በተጣጣፊ ክንድ መስቀል። "የትኛውን ካሜራ ልግዛ" የሚል ጥያቄ እንዳላይ። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልናገር፦ ከሰው ራስ በላይ የሚሰቀል ዕቃ ሁሉ ሁለተኛ ማሰሪያ ይኖረዋል። ማታውን ሙሉ ስደጋግመው ትሰማላችሁ። ቻሉኝ።

ጥያቄ፣ ከአቶቴ፦ ጋሼ፣ ሱፐር ክላምፕና ማጂክ አርም የሚባሉት ምንና ምን ናቸው? ሁለቱንም መግዛት አለብኝ?

መልስ፦ ክላምፑ ይነክሳል፣ ክንዱ ይዘረጋል። ሱፐር ክላምፕ ማለት ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ሞርሳ ነው በለው። ማንፍሮቶ የሚባለው የጣሊያን ድርጅት የሚሠራው 035 ከ13 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ቧንቧ ይነክሳል። 15 ኪሎ ይሸከማል። ለጠረጴዛና ለመደርደሪያ ደግሞ አፉ ውስጥ የምትገባ የፕላስቲክ ሽብልቅ አለችው። አትጣላት፣ ሁሉም የሚጥላት እሷን ነው። ማጂክ አርም እንደ ሰው ክንድ ትከሻ፣ ክርንና አንጓ አለው። መሀሉ ላይ ያለውን እጀታ ስታጠብቅ ሦስቱም በአንዴ ይቆለፋሉ። ስታላላው ሦስቱም በአንዴ ይለቃሉ። ስለዚህ በአንድ እጅህ ፍላሹን ሳትይዝ እጀታውን እንዳትነካ።

መጀመሪያ ክላምፕ ግዛ። ላዩ ላይ ትንሽ ቦልሄድ (ፍላሹን ወደፈለግከው አቅጣጫ የሚያዞር ራስ) አስረህ ሥራ። ክንዱ ይቆይ። እኔ ክንድ የማወጣው ሌላ መላ ሲጠፋ ነው።

በነገራችን ላይ ሊኖ ማንፍሮቶ ራሱ ጣሊያን ውስጥ፣ ባሳኖ ዴል ግራፓ በምትባል ከተማ ፎቶ አንሺ ነበር። የዘመኑ ስታንድ ከብዶት ነው የራሱን መሥራት የጀመረው። ሞርሳም የጣሊያን ቃል ነው። ጋራዥ ውስጥ ስንጠራው ኖረናል። ክላምፕ ሲሆን ምን አስፈራን?

የፒያሳው፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ሞርሳ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው ነው። ይሄ መቆንጠጫ ነው መባል ያለበት።

የታቦሩ፦ መቆንጠጫማ ለከሰል ነው።

የፒያሳው፦ አንተ ደግሞ፣ የራሳችን ቃል ሲመጣ ሁሌ ትስቃለህ።

የታቦሩ፦ ሱቅ ገብተህ "መቆንጠጫ ስጠኝ" በልና ምን እንደሚሰጥህ እንይ።

መልስ፦ ዕቃው ካልወደቀ በፈለጋችሁት ስም ጥሩት። ቀጥሉ።

ጥያቄ፣ ከሞኖፖል፦ የሠርግ ድንኳን ብረት ላይ በ11 ኢንች ክንድ ፍላሽና ትንሽ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) እሰቅላለሁ። ጠዋት ያስተካከልኩት ምሳ ሰዓት ላይ አንገቱን ደፍቶ አገኘዋለሁ። ክንዱ ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ አሁን ጥያቄ መጣ። ክንዱ ፎርጅድ ላይሆን ይችላል። ርዝመቱ ነው የጎዳህ። ባልዲ ውኃ ያዝና ክንድህን ወደ ጎን ዘርጋ። ባልዲው አልጨመረም፣ ትከሻህ ግን ያውቀዋል። 11 ኢንች ማለት 28 ሴንቲ ሜትር ነው። ተራ ፍላሽ ከነአራት ባትሪው ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ግማሽ ኪሎ 28 ሴንቲ ሜትር ላይ ማለት፣ ለመገጣጠሚያው 1 ኪሎ 14 ሴንቲ ሜትር ላይ ማለት ነው። ያንተ ሶፍትቦክስ ደግሞ ከዚያም ወደፊት ወጥቶ ይጎትታል። ጎዶክስ ኤዲ200 የሚባለውን ከባዱን ፍላሽ ከሰቀልክማ ብቻውን ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል።

ስለዚህ ክንዱን እጠፈው። በተቻለህ መጠን ፍላሹ ከክላምፑ ሥር ቁልቁል ይንጠልጠል። ወደ ጎን የግድ ካልሆነ አትዘርጋ።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ነገር አለ። ክንዱን ክላምፑ ላይ የሚያስረው ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይላላል። ከብሎኑ ራስ በኩል ቆመህ እየው። ክብደቱ ከብሎኑ በስተቀኝ ከተንጠለጠለ፣ እየወረደ ያጠብቀዋል። በስተግራ ከተንጠለጠለ ግን ራሱ ፍላሹ ቀኑን ሙሉ ብሎኑን ሲፈታልህ ይውላል። ያንተ "ምሳ ሰዓት" ይቺ ትመስለኛለች።

የድንኳን ብረት የተቀባ ከሆነ ያንሸራትታል። የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጠቅልልበትና ከላዩ ንከስ። በዚህ ከተማ የብስክሌት ጎማ አጣሁ የሚለኝ የለም። ዲኮር የተሠራበትን ቀርከሃ ግን ተወው። ስታጠብቅ ይሰነጠቃል፣ ካላጠበቅክ ይዞራል።

ከዚያ ማሰሪያው። እኔ የብስክሌት የፍሬን ሽቦ ነው የምጠቀመው። አንዱን ጫፍ ፍላሹ አንገት ላይ፣ ሌላውን ብረቱ ላይ። ክላምፑ ላይ አይደለም! ክላምፑ ራሱ ቢለቅስ?

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከዓመታት በፊት አንድ አዳራሽ ውስጥ ክንድ ዘርግቼ፣ ሳላስር፣ ፍላሽ ሰቀልኩ። ሙሽሮቹ ዳቦ ሊቆርሱ ሲነሱ መጣና ድፎው ላይ ተተከለ። ፍላሹ ተርፏል፣ ድፎው ለስላሳ ነበር። የሙሽራዋ እናት እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ዳቦዬን!" ይሉኛል። ግማሽ ሜትር ወደዚህ ቢሆን ሚዜው ራስ ላይ ነበር።

ጥያቄ፣ ከአረብ ሰፈር፦ ክላምፕ አሁን ስንት ገባ?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም። ዛሬ ያልኩት ነገ ውሸት ይሆናል።

ጥያቄ፣ ከመናኸሪያ፦ ጋሼ እንደምን አመሹ። ፍላሼ ካሜራ ላይ ሲሆን ደህና ነው። ክላምፕ ላይ ሳስረው ግን አንዳንዴ ሳልነካው ይተኩሳል፣ አንዳንዴ ጭራሽ እምቢ ይላል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም እህቴ። ክላምፑ ላይ እግሩ የሚገባበት ኮልድ ሹ ብረት ነው አይደል? የፍላሹ እግር ሥር ያሉት ነጥቦች ብረቱን እየነኩ እርስ በርስ ይገናኛሉ። መቀመጫው ላይ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፊበት፣ ያበቃል። ካላቆመ ፍላሹ በሌላ ፍላሽ ብርሃን እንዲተኩስ ተደርጎ እንደሆነ እዪ። እንዲያ ከሆነ የእንግዳው ሁሉ ፍላሽ ያንቺንም ያስተኩሰዋል። ሦስተኛ፣ ትሪገርሽ (ፍላሹን ከሩቅ የሚያስተኩሰው) ከሌላ ፎቶ አንሺ ጋር አንድ ቻናል ላይ ሊሆን ይችላል። ቀይሪው።

ጥያቄ፣ ከሚሊኒየም፦ ጥሩ ብርሃን እንዴት ነው የሚመጣው?

መልስ፦ የት? ለምን? ለስንት ሰው? ወንድሜ፣ ሐኪም ቤት ገብተህ "አሞኛል" ብቻ ብለህ ትወጣለህ?

የታቦሩ፦ እኔ ግን አንድ ነገር ልበል። ታናሽ ወንድሜን ፍላሽ አስይዤ ነው የምሠራው። ይራመዳል፣ ያዘነብላል፣ ና ሲሉት ይመጣል። ክላምፕ ምን ያደርግልኛል?

የመናኸሪያዋ፦ ወንድምህ ምሳ ሲቀርብ የት ነው?

የታቦሩ፦ እሱስ እውነት ነው።

የፒያሳው፦ ሁላችሁም ትደክማላችሁ። ኤልኢዲ አብሩና ተገላገሉ። የሚታየውን ነው የምታነሱት።

የሞኖፖሉ፦ ኤልኢዲ ይዘህ እኩለ ቀን ላይ ሐይቅ ዳር ና፣ እናይሃለን። ፀሐይዋ መኖሩንም አታውቅ።

የፒያሳው፦ እኔ ስለ አዳራሽ ነው የማወራው!

መልስ፦ ጨረሳችሁ? ወንድም ጥሩ ነው፣ ክላምፕም ጥሩ ነው። ኤልኢዲውም ከተሰቀለ ይታሰራል። ለአዳራሽ የሚበቃው ብዙ ጊዜ ከፍላሽ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ጥያቄ፣ ከአሞራ ገደል፦ የዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባ ላይ ፍላሽ በክላምፕ አስሬ ማለዳ ላይ ላነሳቸው አስቤ ነበር። ዳር ያሉት ዛፎች ላይስ?

መልስ፦ የሰው መተዳደሪያ ላይ ያለ ፈቃድ ምንም አትንከስ። ፈቅደውልህም ቢሆን ጀልባ ላይ ፍላሹን ብረት አይደለም፣ ሰው ይያዘው። መረብ ሲጎተት ክንድህን ይዞት ይሄዳል። ዛፍ ላይ ይቻላል፣ ግን የሚላጥ ቅርፊት ላይ አይደለም። ክላምፑ ቅርፊቱን ይዞ ይመጣል። ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ደግሞ ጃንጥላና ሶፍትቦክስ አውልቅ። ሸራ ነው የሚሆንብህ። አባ ኮዳዎቹን፣ ትልልቆቹን ወፎች፣ ካሰብካቸው፣ እነሱ ዓይናቸው ዓሣው ላይ ነው፣ ላንተ ግድ የላቸውም።

ጥያቄ፣ ከታቦር፦ ሹተር ፍጥነት ስጨምር ፎቶው ግማሹ ይጠቁራል።

መልስ፦ ወደ 1/200 ተመለስ። የክላምፕ ጥያቄ አይደለም።

ጥያቄ፣ ከአቶቴ፦ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ፍላሽ ቢኖረኝ የት ልስቀላቸው? ፊት ያሉት እንግዶች ይነጡብኛል፣ ኋላ ያሉት ይጠቁራሉ።

መልስ፦ ቅርብ ስለሰቀልካቸው ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ሩብ ይሆናል። ከፍላሹ 1 ሜትር ላይ ያለው ሰው፣ 2 ሜትር ላይ ካለው አራት እጥፍ ይበራል። 4 ሜትርና 5 ሜትር ላይ ያሉት ግን ልዩነታቸው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አርቅ፣ ከፍ አድርግ። ሁለቱን በሰያፍ፣ በተቃራኒ ማዕዘን ስቀል። ከመሬት 3 ሜትር ገደማ ይሁኑ። ኃይላቸውን ከ1/8 ጀምርና እያየህ አስተካክል። ጣሪያው ነጭ ከሆነ ወደ ላይ አዙራቸው። ባለቀለም ድንኳን ከሆነ ግን ወደ ጨርቁ አትተኩስ። ሙሽራዋ ሰማያዊ ትወጣለች፣ ሜካፑን የከፈለው ደግሞ አንተን ነው የሚፈልገው።

3 ሜትር ስል ከሰው ራስ በላይ ማለቴ ነው። እንግዲህ ታውቁታላችሁ።

ጥያቄ፣ ከሚሊኒየም፦ ሽቦው ግን የግድ ነው? ክላምፑ 15 ኪሎ ይችላል አልተባለም?

መልስ፦ ክላምፑ ይችላል። ክንዱስ? የፍላሹ የፕላስቲክ እግርስ? 15 ኪሎ የተባለው ለአንዱ ዕቃ ነው፣ ለሰንሰለቱ አይደለም። የግድ ነው።

ጥያቄ፣ ከፒያሳ፦ ቶርኖ ቤት ባሠራውስ?

መልስ፦ ክላምፑ ውስጥ የሚገባውን ጣት፣ ስፒገቱን፣ እኔም አሠርቻለሁ። 16 ሚሊ ሜትር ብረት ነው፣ ይሠሩታል። ጥርሱ ላይ ግን ተጠንቀቅ። የፎቶ ዕቃ ብሎን ሩብ ኢንች ነው፣ 6.35 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ። ባለሙያው እጁ የለመደው ባለ 6 ሚሊ ሜትሩን ነው። ሲያዩት መንታ ይመስላሉ። ሁለት ዙር ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል፣ አንተም ገባ ብለህ በፒንሳ ትጨርሰዋለህ። የቦልሄድህ ጥርስ አብሮ ተበላ ማለት ነው። የራስህን ብሎን ይዘህ ሂድና "ይህን የመሰለ" በል። ነካሹን ክፍል ግን አታሠራ።

ጥያቄ፣ ከዳቶ፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት ጋሼ። ስታንድ የለኝም፣ ፍላሼን ምን ላይ ልስቀል?

መልስ፦ ከላይ ጀምረህ አንብብ ልጄ። እኔም ልተኛ ነው።

የሞኖፖሉ፦ ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ። አሁን ዕቃዬን አውጥቼ እንደሰቀልኩት አድርጌ አየሁት። በስተግራ ነበር የተንጠለጠለው።

መልስ፦ አልኩህ። ገልብጠው። ሽቦውስ?

የሞኖፖሉ፦ ነገ ሱቅ ሲከፈት እገዛለሁ።

መልስ፦ ሠርጉ መቼ ነው?

የሞኖፖሉ፦ ነገ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሙሽራዋ ቤት ነኝ።

መልስ፦ እንግዲያው ዛሬ ማታ የራስህን ብስክሌት ፍታ።